ከበሮው አይሰማትም

ካሴቱ ላይ የቀዳሁበት እኔ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስናገር ኖሬያለሁ፣ ማንም አላመነኝም፣ ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ይቀመጥልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሴት ቤቶች ስፒከራቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮሁበት ጊዜ። አሜሪካ ያለ የአክስታችን ልጅ በመንገደኛ እጅ ለታላቅ እህቴ አንድ ካሴት ላከላት። ኦሪጅናል አይደለም፣ ቅጂ ነው። ሽፋን የለውም። ላዩ ላይ በሰማያዊ ቢክ «ሜሪ» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ 411። እኔ የአክስታችን ልጅ የቤት ቁጥር መስሎኝ ነበር። እህቴ ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተተችና ተጫነችው። ሙዚቃ የለም። የስልክ ድምፅ ነው። ቲት ይላል፣ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ያወራል፣ እንደገና ቲት፣ ሌላ ሰው ያወራል።

እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ቀድተህበታል!» ከማለቷ በፊት ኩርኩሙ ደርሶኛል። ስልክ የሌለው ቤት ውስጥ የሚኖር የአሥር ዓመት ልጅ ከየት አምጥቶ ነው አሜሪካኖች በስልክ ሲያወሩ የሚቀዳው? ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አልበሙ ራሱ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። አሜሪካኖች ቤት ውስጥ ሰው ሲደውልና ቤተኛው ከሌለ መልእክት የሚቀበል ማሽን ነበራቸው፣ እና የመጀመሪያው ትራክ ሰዎች ለሜሪ የተዉት የስልክ መልእክት ነው። ከሥሩ ቢት፣ የሚደጋገም የከበሮ ምት፣ እየሄደ። 411 ደግሞ የሰው ስልክ ቁጥር ስትፈልግ ደውለህ የምትጠይቅበት የአሜሪካ መረጃ ነው። በመንገድ ቋንቋ «411ዱ ምንድን ነው?» ማለት «እስቲ ወሬ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» እንደማለት ነው። ይህንን ሁሉ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ኩርኩሙ ግን ከዚያ በፊት ተከፍሏል።

ሜሪ ጄ. ብላይጅ የምትባል አሜሪካዊት ዘፋኝ ናት። አልበሙ «ዋትስ ዘ ፎር ዋን ዋን?» ነው፣ የመጀመሪያዋ፣ ጁላይ 28፣ 1992 የወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳንጣላ)። 21 ዓመቷ ነበር። ብሮንክስ ተወልዳ ያደገችው ያንከርስ ነው፣ ከኒውዮርክ ከተማ በስተሰሜን የምትዋሰን ከተማ፣ ሽሎቦም የሚባል የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ግቢ ውስጥ። ያንከርስ በዚያን ዘመን ጥሩ ስም አልነበራትም። ደሃ ጥቁሮችን አንድ ጥግ ላይ አጭቃ በማኖሯ ተከሳ ተፈርዶባት፣ ሌላው ሰፈር ውስጥ ቤት ሥሪላቸው ስትባል አሻፈረኝ ብላ፣ በ1988 ቅጣቱ በየቀኑ እየተቆለለባት ከተማዋ ልትከስር ምንም አልቀራትም ነበር። ሜሪ የ17 ዓመት ልጅ ሆና እዚያ ጥግ ውስጥ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ነው ኋይት ፕሌንስ ያለ ትልቅ የገበያ ማዕከል ሄዳ፣ ገንዘብ ከፍለህ በተዘጋጀ ሙዚቃ ላይ ድምፅህን የምትቀዳበት ቦታ ገብታ፣ የአኒታ ቤከርን «ኮት አፕ ኢን ዘ ራፕቸር» የዘፈነችው። ለጨዋታ። ያች ካሴት በእንጀራ አባቷ እጅ ጄፍ ሬድ ለሚባል ዘፋኝ ደረሰች፣ እሱ ደግሞ አፕታውን ሬከርድስ የሚባለውን ሙዚቃ አሳታሚ ለመሠረተው ለአንድሬ ሀረል ሰጠው። ሀረል ሰማ፣ ያንከርስ ድረስ ሄደ፣ አስፈረማት። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው አልበም የለም። ለሌሎች ከኋላ እየተቀበለች ቆየች። በመጨረሻ አልበሙን በበላይነት የመራው ያኔ አፕታውን ውስጥ በተለማማጅነት ገብቶ ያደገው ሾን ኮምብስ፣ ፓፊ ነው። የዛሬው የፓፊ ወሬ የፍርድ ቤት ወሬ ነው፣ እዚህ አላስገባውም።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚለው ይህ አልበም ሶልን፣ ከቤተክርስቲያን መዝሙር የመጣውን የጥቁር አሜሪካኖች ዘፈን፣ ከሂፕሆፕ ጋር አጋባ ነው። «የሂፕሆፕ ሶል ንግሥት» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው። እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል። ከእሷ በፊት ቴዲ ራይሊና ጓደኞቹ ኒው ጃክ ስዊንግ ብለው ዘፈንን ከማሽን ከበሮ ጋር አጋብተው ነበር። ያ ሙዚቃ ግን ሽክ ያለ ነው፣ ሱፍ የለበሰ፣ ሽቶ የተቀባ። ሜሪ ኮፍያና ሰፊ ማሊያ ለብሳ፣ ቦት ጫማ አጥልቃ መጣች። ቢቶቹም እንደሷ ናቸው። ለዘፋኝ ተብለው ያልተሠሩ፣ ራፐር የሚራፕባቸው፣ ከመንገድ የመጡ ቢቶች። ድምፅዋን ለማሳመር ማንም አልተጨነቀም።

«ሪል ላቭ»ን እንይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

የዚያ ዘፈን ከበሮ የራሱ አይደለም። የተወሰደው ኦዲዮ ቱ የሚባሉ የብሩክሊን ወንድማማቾች በ1987 ካወጡት «ቶፕ ቢሊን» ነው። እነሱም የራሳቸው አልነበረም። በ1973 ሃኒ ድሪፐርስ የሚባል ቡድን «ኢምፒች ዘ ፕሬዚደንት» ብሎ ኒክሰን ይነሳልን ያለበት ዘፈን አለ፣ መግቢያው ላይ ከበሮ ብቻውን ይመታል፣ ከዚያ ነው ቆርጠው የወሰዱት። (ኒክሰን በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ለቀቀ። መስከረም ላይ ደግሞ እዚህ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ከበሮውን ተጠያቂ እያደረግኩ አይደለም።) የኦዲዮ ቱ ከበሮ ግን እንደ ዋናው ቀጥ ብሎ አይሄድም። እያንዳንዱን ምት ለየብቻ ቆራርጠው ቦታ አቀያይረውበታል። ስለዚህ ይደናቀፋል። ደረጃ ሲወርድ አንዱን የሳተ ሰው ይመስላል፣ ግን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚስተው። አንድ ሰው አንዴ ቢደናቀፍ አደጋ ነው፣ መቶ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ቢደናቀፍ ጭፈራ ይሆናል።

የዘመኑ ዕቃም ለዚያ ይረዳል። ሂፕሆፕ የሚሠሩ ልጆች የሚምሉበት ኤስፒ 1200 የሚባለው ማሽን በጠቅላላው የሚይዘው ድምፅ 10 ሴኮንድ ገደማ ነበር። በ10 ሴኮንድ ምን ትሠራለህ? ትንሽ ቁራጭ ትይዛለህ፣ ታዞራታለህ፣ ታዞራታለህ።

ይህ ነው ዓመታት ፈጅቶ የገባኝ። እኛ ያደግንበት ዘፈን ውስጥ ሙዚቃው ዘፋኙን ይሰማዋል። አዝማሪ ቤት ተቀምጣችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዘፋኙ ቃሉን ሲያስረዝም ማሲንቆው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ሲቸኩል ይከተለዋል፣ ሲያዝን አብሮት ያንጎራጉራል። ጥላሁን ገሠሠ «እ» ብሎ ሲስብ ከኋላ ያሉት ነፋሾች ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁታል። የጥቁር አሜሪካኖች ሶልም እንዲሁ ነው፣ አሪታ ፍራንክሊን ስትነሳ ኦርጋኑ ይነሳል፣ ስትወድቅ ከበሮው ዝቅ ብሎ ይቀበላታል። ቤተክርስቲያን ውስጥ የተማሩት ነገር ነው፣ አንዱ ሲጮህ ሌላው «አሜን» ይላል። ሜሪም ልጅ ሆና ጴንጤ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው መዘመር የጀመረችው፣ ስለዚህ ስትጮህ መልስ ትጠብቃለች።

ከበሮው ግን አይመልስላትም። አይሰማትም። 1973 ላይ የተመታ፣ 1987 ላይ የተቆራረጠ ነገር ነው፣ እንዴት ይሰማታል? እውነተኛ ፍቅር ፈልጌ አጣሁ እያለች ትለምናለች፣ እሱ እዚያችው ደረጃ ላይ ይደናቀፋል። ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ይደናቀፋል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የተሰበረች ይመስላል፣ እሱ ይደናቀፋል። ራፐር ቢሆን ግድ የለውም፣ ራፐር ከበሮውን ይጋልበዋል። ሶል ዘፋኝ ግን የሚያባብላት ትፈልጋለች። እኔ እንደምሰማው የአልበሙ ኀዘን ከግጥሙ አይደለም የሚመጣው። ግጥሙ፣ እንነጋገር ከተባለ፣ ብዙም የሚወራለት አይደለም። ኀዘኑ ያለው አንዲት ሴት ልቧን አውጥታ ለማይሰማ ነገር ስትሰጥ መስማቱ ላይ ነው። የፍቅር ነገርም ብዙ ጊዜ እንዲያው አይደል?

አሁን ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። አንድ ቅዳሜ ቡና እየቆላች እህቴ «ሪል ላቭ»ን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም ታዞረዋለች። እኔና እህቴ እንጨፍራለን፣ ለእኛ የጭፈራ ዘፈን ነው። እናቴ የቡናውን ጭስ ልታሸትተን ምጣዱን ይዛ መጣች። ቆመች። ትንሽ ሰማች። ከዚያ «ማነው እንዲህ የበደላት?» አለች። እህቴ ሳቀች፣ «ማንም አልበደላትም እማዬ፣ የደስታ ዘፈን ነው» አለቻት። እናቴ አላመነችም። ጭሱን ወደ ቴፑም አስጠግታ፣ እውነቴን ነው፣ ለሜሪም አሸተተቻት፣ ከዚያ ወደ ማድቤት ተመለሰች። እናቴ ከበሮውን ጨርሶ አልሰማችውም። እኛ ደግሞ ከበሮውን ብቻ ነበር የምንሰማው። ሁለቱን አንድ ላይ ለመስማት እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መብራት ሲሄድ ነገሩ ሌላ ነው። ቴፑ ስድስት ትልልቅ ድንጋይ ይፈልጋል፣ ድንጋይ ውድ ነው፣ እኛ ደግሞ የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን እንደገና የምንጠቀም ሰዎች ነን። ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ሁለት ዘፈን ያጫውታል፣ ሦስተኛው ላይ መጎተት ይጀምራል። የሜሪ ድምፅ ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ ወንድ ይሆናል፣ ከበሮውም አብሮ ይንፏቀቃል። እኔና እህቴ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ሳስበው ግን ከበሮው አብሯት የሚደክመው ያኔ ብቻ ነበር።

«ስዊት ቲንግ» ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። የሩፈስና የቻካ ካን ዘፈን ነው፣ 1975። ሜሪ ደግማ ዘፈነችው። የቻካ ይበልጣል። አራት ነጥብ። ቻካ ካን እዚያ ዘፈን ላይ ድመት ፀሐይ ላይ እንደምትንጠራራ ነው የምትዘፍነው፣ ሜሪ ግን እያንዳንዱን ቃል የመጨረሻዋ እንደሆነ አድርጋ ትይዘዋለች። ባንድ ይመስል ለስለስ ያለ ሙዚቃ ከኋላዋ ስላለ እንደ ሌሎቹ ብቻዋን አይደለችም፣ እና ምን አለፋችሁ፣ ተራ ጥሩ ዘፋኝ ትሆናለች። ለእኔ ማስረጃዬ ይህ ነው። ምቾት አይሆንላትም።

ሁሉም ጥሩ ነው አልልም። ጆዴሲ የሚባል የዘፋኞች ቡድን ውስጥ ከነበረው ኬ-ሲ ጋር የምትዘፍነው ረዥም ነው፣ ሁለቱም ይጮሃሉ፣ ማን ለማን እንደሚጮህ አይታወቅም። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ሁለት ዘፈን እህቴ ሁልጊዜ በቢክ እስክሪብቶ እያዞረች ታልፋቸው ነበር (ቴፑ ወደፊት ሲያሳልፍ ካሴት ይበላል፣ ስለዚህ በእጅ ነው)። «ላቭ ኖ ሊሚት» ግን ቆንጆ ነው፣ ለስላሳ፣ የጃዝ ሽታ ያለው። የመጨረሻው፣ የአልበሙን ስም የያዘው፣ ከራፐሩ ግራንድ ፑባ ጋር የምትመላለስበት ነው፣ ሜሪ ራሷ ትራፓለች። እዚያ ላይ ነው የሰፈሯ ልጅ የምትሆነው። አታለቅስም፣ ትመልሳለች። አትድረስብኝ ትለዋለች። አሥራ አንድ ትራክ ሙሉ ሳይመልስላት ከቆየው ከበሮ ጋር መጨረሻ ላይ በራሱ ቋንቋ ታወራዋለች።

ድምፅዋን የሚያሙ አሉ። ያኔም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ኖታ ትስታለች፣ ትጎረብጣለች፣ ከታች ሆና ትደርስበታለች እንጂ መሀሉን አትመታውም ይላሉ። ልክ ናቸው። ጥሩ ጆሮ ያለው ሰው «ሪል ላቭ» መጨረሻ አካባቢ ላይ ጥርሱን ያፋጫል። ግን አስቡት፣ ያንን ዘፈን ንጹሕ ድምፅ ያላት ልጅ ብትዘፍነው ምን ይሆናል? ከበሮው ፍጹም ነው፣ ማሽን ነው። ዘፋኟም ፍጹም ብትሆን ሁለት ማሽን ነው የምንሰማው። አንዲት ጎርባጣ ሰው እዚያ መሀል መኖር አለባት። እኛ አገር ጉሮሮው የሻከረ ዘፋኝ ሲመጣ «ድምፁ ጨው አለው» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። እንደዚያ በሉት።

ሰውም ገብቶታል። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ከጠቅላላው ዝርዝር 6ኛ፣ ከአር ኤንድ ቢው (የጥቁር አሜሪካኖች ሙዚቃ) ዝርዝር 1ኛ ደረጃ ደረሰ፣ ሽያጩ ሦስት ሚሊዮን አለፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣውን «ማይ ላይፍ»ን የሚያስበልጡ ብዙ ናቸው። ጥልቅ ነው፣ የበሰለ ነው ይላሉ። ነው። እዚያ ግን ሜሪ ማዘኗን ታውቃለች። የመጀመሪያው ላይ ገና አላወቀችም፣ የጭፈራ ዘፈን እየዘፈነች ይመስላታል፣ ድምፅዋ ቀድሟት ያወራል። እናቴ የሰማችው እሱን ነው። ሜሪ በ2024 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ገብታለች፣ በ2022 ደግሞ ሱፐር ቦውል በሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ላይ ከነ ዶክተር ድሬ ጋር ዘፍናለች። ያኔ ልጆቼ «ይቺ አሮጊት ማናት?» አሉ። ቴሌቪዥኑን ልዘጋው ትንሽ ቀረኝ።

ልጆቹን ለማስረዳት በእነሱ በኩል ሄድኩ። ዘ ዊኬንድን ይወዳሉ፣ አቤል ተስፋዬን፣ ቶሮንቶ የተወለደ የእኛው ልጅ። ያ ጨለማ ቢት ላይ የሚያለቅስ ድምፅ፣ ስሜት በሌለው ነገር ላይ ስሜት ማፍሰስ፣ በሩን ማን የከፈተው ይመስላችኋል አልኳቸው። የእሱ ለቅሶ ውስጥ የእኛ ትዝታም አለበት፣ ቤት ውስጥ የእነ አስቴር አወቀን ዘፈን እየሰማ እንዳደገ ራሱ ተናግሯል። ግን ትዝታን ማሲንቆ ለሌለበት ቢት መስጠት ይቻላል ብሎ ማሰብ ከየት መጣ? ልጆቹ ስልካቸውን ያያሉ። ይሁን።

እህቴ ዲቪ ደርሷት ከሄደች ሃያ ምናምን ዓመት ሆናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ካሴቱን ትታልኝ ነው የሄደችው። አሁንም አለ፣ ኮሜዲኖ ውስጥ፣ የሚያጫውተው ቴፕ ግን የለም። ይህንን ልጽፍ ስነሳ በቴሌግራም «የሜሪን ካሴት ታስታውሻለሽ?» ብዬ ጻፍኩላት። እሷ እንደሆነ አትጽፍም፣ ድምፅ ነው የምትልከው።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰኝ። መኪና ውስጥ ናት፣ ወደ ሥራ እየሄደች፣ የፍሬቻው ጠቅ ጠቅ ይሰማል። መጀመሪያ ምንም አትልም። ከኋላ ያ ከበሮ አለ፣ ከፍታ ከፍታ ከፍታዋለች። ከዚያ ትጀምራለች። እህቴ ድምፅ የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠራት፣ ከበሮው ጥሏት ሄደ፣ ሮጣ ደረሰችበት፣ እንደገና ጣላት። ሳቀች። መኪናውን አቆመች መሰለኝ፣ ፍሬቻው ዝም አለ።

«ስማ» አለችኝ። «እውነቱን ንገረኝ እስቲ፣ አሁን እማዬም የለችም፣ ማንም አይቆጣህም። በእመቤቴ፣ አንተ አልነበርክም የቀዳህበት?»